በሥዕል የሚተረክ ፍርሃት፤ ለጀማሪ አንባቢ የተጻፈ መምሪያ

አስፈሪ ታሪክን ከጽሕፈቱ ይልቅ በሥዕሉ የሚተርከው መጽሐፍ፣ በዛሬው አጠራር ግራፊክ ኖቭል ወይም በአጭሩ ኮሚክ የሚባለው፣ በገንዳ ውሃ ገበያ ከሰሊጡ ጆንያና ከዕጣኑ ከረጢት አጠገብ ተዘርግቶ የሚገኝ ሸቀጥ አይደለም፤ ስለዚህም ይህን ዓይነት መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማንበብ የተመኘ የቆላው ሰው፣ ትምህርቱን ጨርሶ ከጎንደር የተመለሰ ወጣትም ቢሆን፣ በመተማ ዮሐንስ ኬላ የሚሠራ ጸሐፊም ቢሆን፣ ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣና ለዓይኑ ፈጽሞ እንግዳ የሆነ ጥበብ እየመሰለው ከየት እንደሚጀምር ግራ ሊገባው ይችላል። በእኔ ግምት ግን ጀማሪው እጁ ነው እንጂ ዓይኑ አይደለም፤ በጎንደርና በጣና ዙሪያ ያደገ ሰው አስፈሪ ታሪክን በተከታታይ ሥዕል ማንበብን ፊደል ከመቍጠሩ አስቀድሞ ተምሮታልና፣ የሚቀረው ይህን የቆየ ዕውቀት ወደ አዲሱ መጽሐፍ ማሻገር ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባርዎ፣ መጽሐፍ ከመግዛትዎ በፊት፣ ብዙ ጊዜ አይተው ያላስተዋሉትን ሥዕል ተመልሶ ማስተዋል ይሁን። ወደ ባሕር ዳር የሚያደርስ ጉዳይ ሲገጥምዎ በጀልባ ወደ ዘጌ ይሻገሩና በዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ይመልከቱ፤ ከዚያ ሁሉ ቅዱሳንና ሰማዕታት መካከል የቅምሩን ሰው በላዔ ሰብእን ያገኙታል። ታሪኩን የማያውቅ የለም፤ ሚስቱንና ልጆቹን ሳይቀር 78 ነፍስ የበላው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውሃ ስለ ሰጠ፣ ያች ጥርኝ ውሃ በሚዛን ላይ ከዚያ ሁሉ ደም ከብዳ ነፍሱን አዳነችው። ነገር ግን ታሪኩን ለጊዜው ይተዉትና የሠዓሊውን ብልሃት ይመርምሩ። በዚህ ታሪክ የደከሙ ሠዓልያን ነገሩን ባንድ ሥዕል አይጨርሱትም፤ ሰው በላው ሥጋ ሲበላ አንድ ጊዜ፣ ውሃ ሲያጠጣ አንድ ጊዜ፣ ነፍሱ በሚዛን ፊት ስትቀርብ አንድ ጊዜ እያሉ ይከፋፍሉታል፤ በአንዱና በሁለተኛው ሥዕል መካከል የሆነውን ግን አይሥሉትም። ያን ክፍተት የሚሞላው የተመልካቹ ኅሊና ነው፤ ተመልካቹም ከሚያየው ሥዕል ይበልጥ ራሱ በክፍተቱ ውስጥ የፈጠረውን ይፈራል። የአስፈሪ ኮሚክ ጥበብ ሁሉ በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

ቀጥሎም የሥዕሉን ዓይን ያስተውሉ። በቀደሙት ሠዓልያን ልማድ ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይኑ ሲሣል፣ ከሃዲውና ጋኔኑ ግን በጎኑ፣ ባንድ ዓይኑ ብቻ ይሣላል። ጎንደር ከተማ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቆመው ሰማዕታቱንና አሠቃዮቻቸውን ቢያነጻጽሩ፣ ዓይንዎ ክፉውን ከደጉ ለመለየት አንዳች ጽሕፈት እንዳላስፈለገው ይረዳሉ። ይህን ልማድ በልቡናዎ ያኑሩት፤ ወደ ጃፓን ስንደርስ ያስፈልገናል።

ግድግዳው የማኅበር ነው፤ ክታቡ ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው። ደብተራው በበሽተኛው ቁመት ልክ በብራና ላይ ጽፎና ጠልሰም ሥሎ የሚያዘጋጀው ጥቅልል ብዙ ጊዜ የቅዱስ ሱስንዮስን ታሪክ ይይዛል፤ ይኸውም ቅዱሱ ልጁን የገደለችበትን ውርዝልያን በፈረስ አሳድዶ በጦር የወጋበት ታሪክ ሲሆን፣ ከጽሕፈቱ በላይና በታች የሚያፈጥጡ ዓይኖችና የተጠላለፉ መስመሮች ይሣሉበታል። ይህን ጥበብ ለረጅም ዘመን ያጠናው ፈረንሳዊው ዣክ መርስዬ እንደሚያስረዳው፣ ጠልሰሙን የሚመለከተው በሽተኛው ቢሆንም፣ በበሽተኛው ዓይን አሾልኮ አይቶ የሚደነግጠውና የሚሸሸው ጋኔኑ ነው። ሊቃውንት ስለ ክታብ የሚያቀርቡትን ክርክር እዚህ አላነሣም፤ ላሳስብ የምፈልገው፣ ሥዕል ሰውን ቀርቶ ጋኔንን ያስደነግጣል ተብሎ በታመነበት አገር የተወለደ አንባቢ፣ አስፈሪ ሥዕል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከማንም እንደማይማር ነው። ብራናው እየተተረተረ ከላይ ወደ ታች እንደሚነበብም ልብ ይበሉ።

የአዲስ አበባ ሠዓልያን በሸራ ላይ የሚሥሉት የንግሥተ ሳባ ታሪክ ደግሞ ለዛሬው ኮሚክ ከሁሉ ይልቅ የቀረበ ዘመድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 44 ትንንሽ ሥዕሎች በረድፍ ተደርድረው፣ እያንዳንዱ ከአማርኛ መግለጫው ጋር ይገኛል። የሚጀምረውም ሕዝቡ ለሚገብርለት ለዘንዶው ለአርዌ ነው። እንግዲህ በዓለም ፊት የምናሳየው ታሪካችን ራሱ በሥዕል ሲተረክ በአስፈሪ ምዕራፍ ይከፈታል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ መጽሐፉ ምርጫ እንለፍ። እርስዎ አስቀድመው መወሰን የሚገባዎ ለየትኛው ፍርሃት እንደሚዘጋጁ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ጥበብ ውስጥ ሁለት ታላላቅ መንገዶች አሉ። አንደኛው ሥጋው ሲቈረጥ፣ ደሙ ሲፈስ፣ አስከሬኑ ሲነሣ የሚያሳየው ነው፤ ከ2003 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በ193 ቁጥሮች ታትሞ ያለቀው የሮበርት ከርክማን «ዘ ዎኪንግ ዴድ» የዚህ አለቃ ነው። ሁለተኛው ግን ከደሙ ይልቅ ጥርጣሬውን፣ ከአውሬው ይልቅ የአውሬውን ኮቴ የሚያሳይ፣ አንባቢውን በዝግታ ወደ ረዓድ የሚያወርድ ነው። ለጀማሪ ያለ አንዳች ማመንታት ሁለተኛውን እመክራለሁ። የፊተኛው መንገድ ዓይንን ቶሎ ያደነድናል፤ ዓይኑ የደነደነ አንባቢም ወደ ሁለተኛው ሲመጣ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለበትም ብሎ መጽሐፉን ይከድነዋል።

ኮሚክ የሚባል ነገር ከነአካቴው አንብበው የማያውቁ ከሆነ፣ ከአስፈሪው በፊት ብሥራት ደበበ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ጀምበር»ን በአማርኛ ያንብቡ። አስፈሪ አይደለም፤ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ድንቅ ኃይል ሲያገኝ የሚያሳይ የጀግና ታሪክ ነው። ጥቅሙ ግን በገዛ ቋንቋዎ በመስመር የታጠረውን ሥዕል ከሚቀጥለው ጋር ማያያዝን፣ ንግግር የተጻፈበትን ነጭ ክበብ በተራው ማንበብን፣ ድምፅን በፊደል ቅርጽ መስማትን ያለማምድዎታል። ይህ ልምምድ ባንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ስለሆነ አይቸገሩበት።

የመጀመሪያው አስፈሪ ንባብዎ የካናዳዊቷ የኤምሊ ካሮል «ሂዝ ፌስ ኦል ሬድ» ይሁን። ደራሲዋ በ2010 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት ላይ ለማንም በነጻ እንዲነበብ ያወጣችው ሲሆን፣ መጽሐፍ መሸጫ ለሌለበት ከተማ ይህ ብቻውን ትልቅ ጸጋ ነው። ታሪኩ የቃየልና የአቤል ነገር ነው፤ አንድ ሰው በቅናት ተነሣሥቶ ወንድሙን በጫካ ውስጥ ይገድለዋል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ወንድሙ ምንም እንዳልሆነ ሰው ከጫካው ወጥቶ ይመጣል። ጽሕፈቱ አጭርና ቀላል ስለሆነ መጠነኛ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው መዝገበ ቃላት ሳያበዛ ይዘልቀዋል። በስልክዎ ሲያነቡት ሥዕሉን በጣትዎ እየገፉ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ሰውየውም ወደ አንድ ጕድጓድ ሲወርድ እርስዎ አብረውት ይወርዳሉ፤ ደብተራው ብራናውን ሲተረትር የሚያደርገውን እርስዎ በመስተዋቱ ላይ ያደርጉታል ማለት ነው። ፍጻሜውን አልነግርዎትም፤ የመጨረሻውን ሥዕል ካዩ በኋላ ግን ወዲያው ወደ ሌላ ነገር አይለፉ፤ ያልተሣለውን ቀጣይ ሥዕል ኅሊናዎ እስኪሥለው ድረስ ጥቂት ይቆዩ።

ይህ ደስ ካሰኘዎ፣ ያንኑ ታሪክ ከሌሎች አራት ጋር የያዘውን በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመውን «ስሩ ዘ ዉድስ» የተባለውን መጽሐፏን ያስመጡ። በውስጡ ካሉት አንዱ፣ አባታቸው ለአደን ሲወጣ በሦስት ቀን ካልተመለስኩ ወደ ጎረቤት ሂዱ ብሎ ያዘዛቸው የሦስት እኅትማማች ታሪክ፣ ሁሉ ነገር በበረዶ በተከደነበት ቤት ውስጥ የሚፈጸም ነው። በረዶ ከሰማይ ሲወርድ እንጂ ምድርን ለወራት ሲያለብስ አይቶ የማያውቅ የመተማ ሰው ይህን ሊፈራ ይችላል ወይ ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። ይችላል። የሚመለስ የማይመስል አባትን መጠበቅ አየር ጠባይ አይመርጥም፤ ሰሊጥ ለማጨድ የወረደ ልጁ ወሬው የጠፋበትን ቤተ ሰብ የሚያውቅ ሰው ይህን ከካናዳው አንባቢ ይልቅ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ጃፓን ደረስን፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብናገር አንባቢው ይታገሠኝ፤ ለዚህ ጥበብ ከጁንጂ ኢቶ የሚበልጥ መምህር አላውቅምና። ኢቶ ሠዓሊነትን ሙያው አድርጎ ከመያዙ በፊት የጥርስ ቴክኒሽያን ነበረ፤ የሰውን አፍና አጥንት በዚያ ጥንቃቄ መሣሉ ከዚያ የተረፈው ነው ብዬ መጠርጠሬ አልቀረም። በ1987 እ.ኤ.አ. «ቶሚኤ» በተባለች ታሪኩ ታወቀ፤ ቶሚኤ የሚያያት ወንድ ሁሉ እስኪገድላት ድረስ የሚያብድላት፣ ተገድላም ከየቍራጯ ዳግም የምትበቅል ቆንጆ ልጃገረድ ናት። ቀደም ብዬ በልቡናዎ ያኑሩ ያልኩት እዚህ ይጠቅማል፤ ክፉን በጎን፣ ባንድ ዓይን ማየት የለመደው የእኛ ዓይን ይህችን ሴት ሲያይ ይሰናከላል፤ እርስዋ የምትሣለው እንደ ቅዱሳኑ በሁለት ዓይኗ፣ ፊት ለፊት፣ በመልካም ገጽ ነው። ጃፓናዊው አንባቢ የማያገኘውን አንድ ተጨማሪ ድንጋጤ የጎንደር ሰው እዚህ ላይ ያገኛል።

ለመጀመር ግን «ኡዙማኪ» የተባለውን፣ በ1998 እና በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣውን መጽሐፉን ይውሰዱ። በአንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች አንድ ቅርጽ፣ የመጠምዘዝ ቅርጽ ብቻ፣ ያሳብዳቸዋል፤ ጋኔን የለም፣ ነፍሰ ገዳይ የለም፤ በቀንድ አውጣው ቅርፊት ላይ፣ በጭሱ ውስጥ፣ በጠጕር ውስጥ ያለ ክብ መስመር ነው የሚያስፈራው። ኢቶ ከዕለት ኑሮ አንድ ተራ ነገር መርጦ ይይዝና መልሶ አይሰጥዎትም፤ በበጋ በገንዳ ውሃ ሜዳ ላይ አቧራ እያሽከረከረ የሚያልፈውን አዙሪት ነፋስ ከዚህ ንባብ በኋላ እንደ ቀድሞው አያዩትም።

የጃፓን መጻሕፍት የሚነበቡት ከቀኝ ወደ ግራ፣ በእኛ ልማድ መጨረሻ ከሆነው ገጽ ነው። የአዲስ አበባን አንባቢ ይህ ያደናግረዋል፤ ድንበሩን ተሻግሮ በገላባት የዐረብኛ ማስታወቂያ ሲያነብ ለኖረ ሰው፣ ወይም ቁርአን ለቀራ የመተማ ልጅ፣ ግን ምንም አይደለም። አነባበቡን በሚመለከት ዋናው ትእዛዜ ይህ ነው፤ መጽሐፉን ገና ሲይዙት ገጾቹን በአውራ ጣትዎ እየለቀቁ አይቃኙት። ኢቶ አስፈሪውን ታላቅ ሥዕል የሚያኖረው ገጹ ከተገለጠ በኋላ ነው፤ ከመገለጡ በፊት ያለው የመጨረሻ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው አንድ ነገር አይቶ ሲደነግጥ ብቻ ያሳያል፤ ያየውን ለማየት ገጹን የሚገልጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት። በሲኒማ ቤት ሥዕሉ ወደ እርስዎ ይመጣል፤ እዚህ ግን ወደ ሥዕሉ የሚሄዱት እርስዎ ነዎት፣ ባይፈልጉ መቆም ይችሉ ነበር። ስለዚህ ከመግለጥዎ በፊት ጥቂት ይቆዩ። ባንድ ቀንም ከአንድ ምዕራፍ አይለፉ፤ ምዕራፎቹ በየጊዜው እየተቆራረጡ እንዲነበቡ ሆነው የተሠሩ ስለሆነ፣ ሁሉን ባንድ ሌሊት የሚጨርስ ሰው በመጨረሻ የሚያገኘው ድካም ብቻ ነው።

የቆላው በጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ቀን ምንም ነገር ስለማይነበብ፣ ሰዓቱ ምሽት መሆኑ የማይቀር ነው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስልክዎን ቀድመው ኃይል ይሙሉት። ይሁን እንጂ ስልኩ ለካሮል እንጂ ለኢቶ አይስማማም፤ ሁለት ገጽ ሙሉ የያዘ ሥዕል በትንሽ መስተዋት ላይ ተቈራርጦ ሲታይ ግርማው ይጠፋል። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የተሰረቀ ቅጂማ ብዙ ጊዜ ገጹ የተዛባ፣ ንባቡም ከግራ ወደ ቀኝ የተገለበጠ ሆኖ ይገኛል፤ ደራሲው ስለሚቀርበት ዋጋ ባይታዘንለት እንኳ ለገዛ ንባብዎ ይዘኑ። ከውጭ አገር ለሚመጣ ዘመድ ጫማ ከማዘዝ አንድ መጽሐፍ ማዘዝ ሻንጣውን ያቀልለታል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ የማይገባኝ አለ። ይህ አገር ጦርነትን በመጽሐፍ ያወቀ አገር አይደለም፤ ሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በጦርነት ከተያዘች ወዲህ በመተማ በኩል የገባውን ስደተኛ ያላየ የለም፤ የራሳችንም ቍስል ገና አልደረቀም። አስከሬን በዓይኑ ያየ፣ ወገኑን በቅርብ የቀበረ ሰው በሥዕል የተደረገ ፍርሃት ጨዋታ ሊሆንለት ይገባል ብሎ ማንም አይገፋፋው፤ ጊዜ ይስጡት፤ ቢፈልግም ከደም የራቀውን ያውሱት። ለሕፃናት ደግሞ ከላይ ከጠቀስኋቸው አንዱንም አልፈቅድም። የወላጅ ሥጋት የእኛ ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካ በ1950ዎቹ «ቴልስ ፍሮም ዘ ክሪፕት»ን የመሰሉ ርካሽ አስፈሪ ኮሚኮች እንደ አሸን በፈሉ ጊዜ፣ የአእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ወርታም በ1954 እ.ኤ.አ. ልጆችን ያበላሻሉ ሲል መጽሐፍ ጻፈ፤ ነገሩ በዚያው ዓመት በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተመርምሮ፣ አሳታሚዎቹ ራሳቸውን የሚገዙበት ደንብ አወጡ፤ አስፈሪዎቹም ወዲያው ከገበያ ጠፉ። ወርታም ነገሩን አጋንኖታል ባይ ነኝ፤ ነገር ግን የስምንት ዓመት ልጅ «ቶሚኤ»ን ያንብብ የሚል ክርክር ከእኔ አይጠብቁ።

ከእነዚህ በኋላ ከባዱን ለሚሻ ሰው የአለን ሙርና የኤዲ ካምቤል «ፍሮም ሄል» አለ። ከ500 ገጽ በላይ የሆነ፣ በጥቍር ቀለም ብቻ የተሣለ፣ በ1888 እ.ኤ.አ. በለንደን ዋይትቻፕል ሴቶችን ያረደው ነፍሰ ገዳይ ማንነቱ ሳይታወቅ የቀረበትን ታሪክ የሚተርክ መጽሐፍ ነው፤ ጭካኔውና ዕርቃኑ ለበሰሉ ብቻ ነው። እኔ ግን ስለ ዓመቱ አንድ ነገር እላለሁ። በዚያው ዓመት በጥር ወር ደርቡሽ በአቡ አንጃ መሪነት በመተማ በኩል ወጥቶ ጎንደርን አቃጠለ፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ፤ በዓመቱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ፣ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ፤ ክፉ ቀን የተባለውም ረኃብ ከዚያው ጋር አገሩን ፈጀው። ሙርና ካምቤል ለአንድ የለንደን ሰፈር ያደረጉትን፣ ማለትም ከታሪክ መዝገብ ተነሥቶ ፍርሃትን በሥዕል መተረክን፣ ለዚህ ምድር ያደረገ ሰው እስካሁን አላየሁም። «ፍሮም ሄል»ን ሲያነቡ በስተመጨረሻው ያለውን የደራሲውን ሐተታ አይዝለሉት፤ ከምንጭ ወደ ሥዕል የሚወስደው መንገድ በዚያ ተገልጿል።

የዚህን ምድር ፍርሃት በሥዕል ለመተረክ የሚያስብ ወጣት በገንዳ ውሃ ካለ፣ ቀለምና ሸራ የለኝም አይበል። አሜሪካዊቷ ኤሚል ፌሪስ በ40 ዓመት ዕድሜዋ አካባቢ ትንኝ ነክሷት ዌስት ናይል የተባለ በሽታ ይዟት ሽባ ሆነች፤ የምትሥልበት እጅዋም ከዳት፤ እስክሪብቶ በእጅዋ ላይ በፕላስተር እያሰረች እንደገና መሣልን ተማረች። ከዚያ በኋላ የሠራችው «ማይ ፌቨሪት ቲንግ ኢዝ ሞንስተርስ» የተባለው ታላቅ መጽሐፍ፣ ራስዋን ተኵላ ሰው አድርጋ የምትሥል የአሥር ዓመት ልጅ የጎረቤቷን አሟሟት ስትመረምር የሚያሳይ ሲሆን፣ ሁሉም በተራ እስክሪብቶ፣ መስመር እንዳለው የተማሪ ደብተር በተዘጋጀ ገጽ ላይ የተሣለ ነው። ሲያነቡት በዝርዝሩ ብዛት ዓይንዎ እንዳይደክም ገጹን መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ከቅርብ ይመልከቱት። የመጀመሪያው ክፍል በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሞ ሁለተኛው እስከ 2024 ስለ ዘገየ፣ ቀድመው የጀመሩት ሰባት ዓመት ያህል ጠብቀዋል፤ እርስዎ ግን ዛሬ ሲያስመጡ ሁለቱንም ባንድነት ይዘዙ።